ቁልፉን የያዙት ሰውዬ

ቤተ መዘክሩ ተቆልፏል። ሁለት መኪና ቀይሬ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ በሩ ላይ ያገኘሁት መዳፌን የሚያክል ጓጉንቸር ነው። አጥሩ ሥር ሶፍትና ማስቲካ ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አየኝና «ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ለቅሶ ሄደዋል» አለኝ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲቀበር።»

የከተማውን ስም አልናገርም። ለቅሶ መድረስ ጥፋት አይደለም፤ ደግሞም ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉትን ቤተ መዘክሮች እየዞርኩ ባየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ በር ደጋግሞ ገጥሞኛል። ቁልፉ አንድ ነው፤ የያዘውም ሰው አንድ ነው፤ እሱም ሰው ነውና ይታመማል፣ ያስታምማል፣ ይቀብራል፣ ለስብሰባ ይጠራል። ባህር ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ መጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ ጎረቤት ነው» አሉና ከፈቱ። መብራት ስላልነበረ መስኮቶቹንም በረጋገዱልኝ። ሁለት ክፍል ነው። ጦር፣ ጋሻ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ የእጅ ወፍጮ፣ ብርሌ፣ አንድ የወየበ ጥልፍ ቀሚስ። ከእያንዳንዱ ሥር በታይፕ የተመታ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ጦር»፣ «ጋሻ»፣ «የባህል ልብስ»። አንድ ጥቁር ገንቦ ሥር ደግሞ «የሸክላ ዕቃ» ይላል። ሸክላ መሆኑንማ አያለሁ።

ልስቅ ስል ሰውዬው ከኪሳቸው ትንሽ ቁልፍ አውጥተው የመስታወቱን ሳጥን ከፈቱና ገንቦውን አቅፈው አወጡት። «አሽትቺው» አሉኝ። አፍንጫዬን አፉ ላይ ደቀንኩ። ወይራ። ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ ግን ከሌላ ጢስ ጋር የማይምታታ ወይራ። «እዚህ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደታጠነ አስቢው» አሉ።

የመናጫ ገንቦ ነው። አንገቱ ሥር እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው፤ ወተቱ ሲናጥ ውስጥ የሚጠራቀመው አየር የሚተነፍስባት ናት። አፉ በቆዳ ወይም በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይታሰራል፤ ገንቦው በተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ይጋደምና ወዲያ ወዲህ ይወዘወዛል። መጀመሪያ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ቅቤው መሰብሰብ ሲጀምር ይወፍራል። እናታቸው ጓዳ ሌላ ሥራ ይዘው በጆሯቸው ብቻ ይለዩት ነበር። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ገንቦውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ሳይታወቃቸው እየወዘወዙት ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ለምን አይጽፉትም?» አልኳቸው።

«ማን ጠይቆኝ?»

ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸው ነበር።

*

ሁላችንም በአፋችን «ሙዚየም» ነው የምንለው፤ «ቤተ መዘክር» የሚለው ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ግን ይሻላል። ዝክር፣ ተዝካር፣ መዘክር፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ ዝክር ደግሞ በአገራችን ልብ ውስጥ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ዳቦና ጠላ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይፈልጋል፣ ስሙን ጠርቶ የሚናገር ሰው ይፈልጋል። በዚህ ሚዛን ካስቀመጥናቸው ብዙዎቹ ሙዚየሞቻችን ገና ዕቃ ቤት ናቸው። ዕቃው ተሰብስቧል፤ ዘካሪው ግን ወይ የለም፣ ወይ አለና የሚከፈለው የጥበቃ ደመወዝ ነው።

አዲስ አበባ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም አላማሁም፤ እወደዋለሁ። ግን ድንቅነሽን ለማየት ከሚጋፋው ተማሪ ስንቱ ነው መስታወቱ ውስጥ ያለችው ቅጂ እንደሆነች የሚያውቀው? እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት በየቀኑ ለብርሃንና ለትንፋሽ አይሰጥም፤ ልክ ነው። እዚያ ግን ማየትና ማለፍ ብቻ ነው ያለው። ድንቅነሽን በሕይወቷ የሚያውቃት ዘመድ ከጎንህ ቆሞ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» አይልህም። ክልል ስትወጣ ይህ ነው የሚለወጠው። ዕቃው እዚህ መስታወት ውስጥ አለ፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከግቢው ውጭ ገበያ ላይ እየሠራ ነው።

*

ሐረር የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ሌማት፣ አገልግልና ሞሰብ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗ ደክሞ ወስፌዋን ያስቀመጠችው በቅርቡ ነው። ሙዚየም ገብታ አታውቅም። «የሞተ ሰው ዕቃ ምን ያሳያል?» ትላለች።

ጀጎል ውስጥ በእግር ነው የሚኬደው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረ ነው፤ ውስጡ 82 መስጊዶችና ዝያራ የሚደረግባቸው 102 ቦታዎች እንዳሉ ዩኔስኮ ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግብ ቆጥሯል። እናቴ የቆጠረችው ደረጃውን ነው። ጉልበቷን እየያዘች፣ «አንቺ ልጅ የት ነው የምትወስጂኝ?» እያለች የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ጋ ደረስን። ራስ ተፈሪ ገና ሳይነግሡ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ቤት ነው ይባላል። ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ስብስብ የሚታይበት ነው፤ አንድ ሰው በግሉ፣ ከቤት ቤት እየዞረ የሰበሰበው። በእጅ የተጻፉ ኪታቦች፣ ጎራዴ፣ ጌጣጌጥ፣ የዱሮ የዘፈን ቅጂ፣ ሐረር የራሷን ገንዘብ ትመታ በነበረበት ዘመን የወጡ ጥቃቅን ማሐለቆች። ኪታቦቹን መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ ገጻቸው የተበላውን መጠገንና መደጎስም እዚያው ይሠራ እንደነበር ሲነገረን እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ዕቃ የሚጠግን ሰው ታከብራለች።

እውነተኛው ነገር የመጣው ግን እንደ ሙዚየም የሚጎበኘው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ነው። የሐረሪን ቤት ያላየ ሰው እንዲህ ያስበው፦ በሩን አልፈህ ስትገባ ሙሉው ሳሎን ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ መደቡ ራሱ ይናገራል፤ አሚር ነደባ ላይ የቤቱ ጌታ እንጂ ሌላ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር የተለቀለቀ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ለማሰብ ነው ይላሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ቀና አለች፣ ቆመች። አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ነች፤ ስለ ነደባው መናገር ጀምራ የእናቴን ፊት ስታይ ተወችው።

«ቅርብ ብዬ ልየው?» አለች እናቴ።

ልጅቷ አንዱን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠቻት። እናቴ በመነጽሯም ያለ መነጽሯም አየችው። አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳረፈችና ወደ መሐል እየሄደች ዙሩን ቆጠረች። እኛ ቤት ስፌት ሲሰፋ ውስጡ አክርማ ነው፤ ከላይ በስንደዶ ይለበሳል፤ ቀለም የተነከረው ስንደዶ አለላ ይባላል። የእናቴ ዙር እርሳስ ያክላል፤ ጥሩ ነው ይባልላታል። እዚህ ያለው ዙር የክብሪት እንጨት አያክልም።

«ይኼ ውኃ ይቋጥራል» አለች በዝግታ። ለባልንጀሮቿ ሥራ እንኳን እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ልጅቷ የስፌቶቹን ስም መንገር ጀመረች። ክዳን ያለውን ስታሳየን «ይህ ሞት ነው» አለች። እናቴ ደንገጥ ብላ አየቻት። «ይህኛው ደግሞ ሐማት ሞት።» ሐረሪኛ ነው፤ ሞት ማለት ስፌት ነው፤ ሐማት ያው አማት ናት፤ ለአማት የሚሰጥ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እስክትንፈራፈር ሳቀች። «የአማት ሞት! እንዲህ አሳምሮ የሚሰፋላት ከሆነስ!» ልጅቷም ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ በኋላ እኔ ተረሳሁ። ሁለቱ ነደባው ላይ ተቀምጠው ስለ ሣር አሰነጣጠቅ፣ ስለ ወስፌ ሹለት፣ ቀለም ስለሚለቅና ስለማይለቅ ክር ሲያወሩ እኔ በር አካባቢ ቆሜ ስልኬን ነካካሁ። የልጅቷ እናት ለልጇ ሠርግ የሚሆነውን ስትሰፋ ዓመታት እንደፈጀባት ሰማሁ። የእኔ እናት ደግሞ አንድ ነገር ስትናገር ሰማኋት፦ «የኛ ሰፈር ሞሰብ አሁን ላስቲክ ነው። ሲቆሽሽ ይታጠባል ይሉናል።»

ስንወጣ ልጅቷ ከበሩ በላይ ያለውን መደርደሪያ አሳየችን። እዚያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ቤቱ ውስጥ ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ያንቺ ምንጣፍ ከተጠቀለለ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ልናገር?»

የራምቦ ቤት የሚባለውንም አየን። አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ፣ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ በቡናና በቆዳ ንግድ፣ ኋላም በጠመንጃ ንግድ የተጠመደ ሰው ነው። ባለ ፎቁ ያማረ ቤት በስሙ ይጠራል እንጂ የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ እዚያ ቤት ኖሯል ብሎ የሚከራከርም አላገኘሁም። የዱሮ የሐረር ፎቶግራፎቹን ግን ወደድኳቸው። እናቴ የመስኮቶቹን ባለ ቀለም መስታወት ወዳ፣ ስለ ገጣሚው ምንም ሳትጠይቅ ወጣች።

*

ኮንሶ ብቻዬን ነበር የሄድኩት፤ እዚያ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

የኮንሶን እርከን ያየ ሁሉ ያወራዋል፤ ከመኪና መስኮት እንኳን ያስደነግጣል። ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ በድንጋይ ተደርድሯል፤ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የተሠራ ሥራ ነው፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. መዝግቦታል። እኔ ግን የሄድኩት ለዋካ ነበር።

ዋካ ለጀግና የሚቀረጽ የእንጨት ሐውልት ነው፤ ጠላት ለጣለ፣ አንበሳ ወይም ነብር ለገደለ ሰው፣ ከሞተ በኋላ። ብቻውን አይቆምም። መሐል ላይ ጀግናው፣ ግንባሩ ላይ ካላቻ የሚባለው ጌጥ እንደ ጣት ተቀስሮ፤ ጎንና ጎኑ ሚስቶቹ፤ ከዚያ የገደላቸው ጠላቶች፤ ከፊት የገደለው አውሬ። እንደ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዳር ዳር ስታነበው ማን እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ማንን እንደጣለ ይነግርሃል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ስሙን ይጨምርበታል።

ኮንሶ ሙዚየም ውስጥ ያሉት ዋካዎች እዚያ የገቡት ተሰጥተው አይደለም። ከመቃብር ላይ ተነቅለው ሊሸጡ፣ ከአገር ሊወጡ ሲሉ የተያዙ አሉባቸው። አንዳንዱን በደንብ አየሁት፤ ከጉልበቱ በታች ያለው እንጨት ቀለሙ የተለየ ነው። እስከዚያ ድረስ መሬት ውስጥ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው በፀሐይና በዝናብ ተሰነጣጥቆ ግራጫ ሆኗል፤ ከዚያ በታች ያለው ቡናማና ለስላሳ ነው። መስመሩ በካልሲ የታሰረ እግር ይመስላል።

አብሮኝ የነበረው የኮንሶ ልጅ ብዙ ያወቀ ነው፤ መንገድ ላይ የእያንዳንዱን እርከን ባለቤት ሲነግረኝ መጥቷል። እዚህ ግን ቆጠብ አለ። አንዱን አሳየኝና «ይቺ ሚስት ናት» አለ።

«የማን?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ሌባ ስም አይመዘግብም። ሲነቅል ደግሞ መሐል ያለውን፣ ፊቱ ያማረውን ይመርጣል፤ ወይም ለመኪና የሚመቸውን። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ባል ከሚስት፣ ገዳይ ከሟች ተለያይተው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ጎን ለጎን ቆመዋል። የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው ሳሎን ውስጥ ደግሞ የቀሩት ቆመዋል፤ ምናልባት ከሥራቸው «የአፍሪካ ቅርጽ» ተብሎ። የእኛው «የሸክላ ዕቃ» ትዝ አለኝ። እዚያ ያላዋቂ ግዴለሽነት ነው፤ እዚህ ስርቆት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ግን ያው ነው።

ከሙዚየሙ ወጥተን መንደሩ ውስጥ የትውልድ ግንዶቹን አየን። ትውልድ ለትውልድ ሲያስረክብ አንድ ግንድ ይተከላል፤ የቆሙትን ቆጥረህ የመንደሩን ዕድሜ ትገምታለህ። ልጁ አሁን ምላሱ ተፈታ። የቱ ግንድ ሲተከል አያቱ ምን ያህል ልጅ እንደነበሩ ነገረኝ። ከሙዚየሙ ያለው ርቀት በእግር ነው። እዚያ ስም የለም፤ እዚህ ስም ሞልቷል፤ በመሐል ያለው የሌባ መኪና ጎማ ብቻ ነው።

*

ጂንካ ላይ ግን ተካስኩ። የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና ምርምር ማዕከል ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ነውና አንድ ዓይነት ዕቃ በየብሔረሰቡ እንዴት እንደሚለያይ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። እኔ የተያዝኩት በርኩማዎቹ ላይ ነው። ሐመሮች ቦርኮቶ ይሉታል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ ትራስ። የወንዶቹ ፀጉር በሸክላ አፈር ሲሠራ ብዙ ድካም ስላለበት ተኝተው እንዳይበላሽ አንገታቸው ሥር ያደርጉታል። ለነገሩ የጥንት ግብፆችም ፈርዖኖቻቸውን ሲቀብሩ ተመሳሳይ ትራስ ያኖሩላቸው ነበር፤ በእንጨት ላይ መተኛት የድህነት ምልክት የሚመስለን እኛው ነን።

እያየሁ ሳለ አንድ የሐመር ወጣት ገባ። ገበያ ወርዶ፣ ጊዜ ተርፎት የመጣ ይመስላል። በርኩማው በእጁ ነው። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመና የራሱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ፤ የእግሩን አቆራረጥ አስተያየ። ከዚያ ለጓደኛው አንድ ነገር ብሎ ሳቁ። አስተርጓሚ የሆነኝን ልጅ ምን እንዳለ ጠየቅኩት። «ይኼን የጠረበው ሰው ቸኩሎ ነበር አለ።» ወጣቱ ሲወጣ በሩ ጥላ ሥር የራሱን አስቀመጠና ተቀመጠበት። ከውስጥ ያለውና ከውጭ ያለው በመሐላቸው አሥር እርምጃ እንኳን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነው አንድ ጥያቄ የያዝኩት። የትም ሙዚየም ስገባ ጠባቂውን ወይም አስጎብኚውን ስለ ዘመኑና ስለ ታሪኩ አልጠይቅም፤ «ይህ ዕቃ እርስዎ ቤት አለ?» እላለሁ። ዓመተ ምሕረት ሲጠየቅ የሚርበተበት ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ወንበር ይስባል። «አያቴ ነበራት»፣ «ተሰርቆብን ነው»፣ «አለ፣ በቆሎ እናስቀምጥበታለን»። ደግሞም ሁሉንም ነገር ማየት ትቻለሁ። አንድ ዕቃ እመርጥና ግማሽ ሰዓት እቆማለሁ፤ የቀረውን ሲያልፍ ባየው ይበቃል።

ማርትሬዛን ግን ሲያልፍ እንኳን አላይም፤ የሌለችበት ሙዚየም የለምና። «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ገንዘብ» ተብላ ስንት ቦታ አግኝቻታለሁ! የኦስትሪያ ንግሥት ናት፤ ኢትዮጵያን አይታ አታውቅም። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ስለሚወጣ ሁሉም ብር 1780 ይላል። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. መልካቸው ያለበትን ብር ካስመቱ በኋላም ገበያው ለረጅም ጊዜ እሷን አልለቀቀም። ባላገሩ ደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ እንቁ ቆጥሮ፣ ሳያልቅና ሳይደበዝዝ ሲያገኘው ነበር የሚቀበላት። አንጥረኛው ደግሞ እያቀለጠ መስቀልና አምባር ሠርቶባታል፤ ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ ብሩና መስቀሉ አንድ ላይ ሲቀመጡ እናትና ልጅ ናቸው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ወረቀት ባገኝ ቆሜ አነበዋለሁ።

ጣና ላይ የኔ ዕድል ግማሽ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቼ ዕቃ ቤቱን አይቻለሁ፤ አባ የብራናውን ቅጠል በጣታቸው ገልጠው፣ ቀይ ቀለም የገባበትን ስም ሲያነቡልኝ መስታወት በመሐላችን አልነበረም። ደጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ግን ለሴት አይፈቀዱም። ወንድሜን ላክሁት። ደጋ የነገሥታት አጽም አለ፤ የዐፄ ፋሲልም እዚያው ነው። ሲመለስ «ምን አየህ?» ብለው «ፋሲልን» አለ። «እንዴት ናቸው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ የራሴን ፊት ነው ያየሁት» አለኝ። ይህም መጎብኘት ነው እንግዲህ።

*

ወደ መጀመሪያው ከተማ የተመለስኩት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በመሐሉ ያ የወየበ ቀሚስ እንዴት እንደወየበ ገብቶኝ ነበር። ጨርቅና ብራና በብርሃን ይበላሉ፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም፤ ይደማመራል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን አይመከርም፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ክፍል ነው፤ የቀን ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያን ቀን መስኮቱ ሲበረገድልኝ ደስ ብሎኝ ያየሁበት ብርሃን ቀሚሱን እየላሰው ነበር። ስለዚህ በዚህኛው ጉዞዬ የወሰንኩት አንድ ነገር ቢኖር መስኮት አታስከፍቺ የሚል ነው።

በሩ ክፍት ነበር። ቁልፉ አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ወጣት ልጅ ተቀበለችኝ፤ ከተቀጠረች አምስት ወሯ ነው። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ወረቀቶቹ እንዳሉ ናቸው። «የሸክላ ዕቃ» ጫፉ ተገልብጧል።

«ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ገንቦ።»

እንዲያው ኮራ ብዬ ጀመርኩ። መናጫ መሆኑን፣ በወይራ መታጠኑን፣ በኮባ መታሰሩን፣ ድምፁ መወፈሩን። ሳጥኑን ከፍታ አሸተተችው፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ደብተር አወጣችና መጻፍ ጀመረች። አንገቱ ሥር ያለችውን ቀዳዳ ስታይ «ይቺስ?» አለች።

«አየር የሚወጣባት ናት።»

«ለአየር ብቻ? ቅቤው መውጣቱ በምን ይታወቃል?»

«በድምፁ።»

«ጆሮው የከበደስ ሰው?»

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ጋሼ ሌላም ነገር ነግረውኝ ነበር። እርግጠኛ ነኝ። ቀዳዳዋ ላይ ጣታቸውን አድርገው ያሳዩኝ ነገር አለ፤ ጣታቸው ይታየኛል፣ ያሉት ግን ጠፍቶኛል። ሙያውን ሁሉ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ቁጥራቸው አላት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ገንቦው አጠገብ አስቀመጠችው። ብዙ ሰው የሚንጫጫበት ቦታ ናቸው።

«ጋሼ፣ እንግዳ መጥታ ነው፤ ስለ መናጫው ገንቦ ልንጠይቅዎ…»

«ለቅሶ ላይ ነኝ ልጄ። ቆይ፣ ወጣ ልበል።» የበር ድምፅ ተሰማ፣ ጫጫታው ቀነሰ። «ማናት እንግዳዋ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ያን ጊዜ ገንቦውን ያሸተትኩት።»

«እ! ወይራዋ!» አሉ። ቀዳዳዋን ነገርናቸው። «ሰበዝ ነዋ የሚገባባት» አሉ ወዲያው። «ቀጥ ያለ ሰበዝ ታስገቢያለሽ፣ ታወጪያለሽ። ቅቤው ከተሰበሰበ ፍርፍሩ ሰበዙ ላይ ይይዛል። ካልያዘ መናጥሽን ትቀጥያለሽ። ሰበዝ አላችሁ?»

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። ከበሩ ጀርባ የሣር መጥረጊያ ቆሟል። አንዷን መዘዘች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ቀስ ብላ ከተተች። ልክ ገባች። ትንሽ አዙራ አወጣቻትና ወደ መስኮቱ ቀና አድርጋ አየችው። ጫፉ ላይ አቧራ አለ።

«እ?» አሉ ጋሼ በስልኩ። «ያዘ?»